የአረቄ አውጪዋ ልጆች በኮኛክ ከተማ

ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ

ፓሪስ ታላቅ እህቴ ቤት ደርሼ ሻንጣዬን ስከፍት ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የእማዬ ጓዳ ሽታ ነው። ከደብረ ብርሃን የያዝኩት አንድ ሊትር ዳግም አረቄ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጋቢ ተደርቦበት ነበር። ሆኖም አውሮፕላን ውስጥ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ጋቢውም፣ ሸሚዞቼም፣ ለእህቴ የተላከው በርበሬም አረቄ አረቄ ይላሉ። ኮቴ ከሁሉ የባሰ ነበር። እኔ ስደነግጥ እትዬ ጋቢውን አንስታ ፊቷን ቀበረችበትና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል የጠየቀችኝ "ስንት ቀረ?" ብላ ብቻ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ ተርፏል። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ግን አንዳችንም አልቀመስነውም።

እማዬ ሁለታችንንም ያሳደገችን አረቄ አውጥታ ነው። እትዬ ከትምህርት ቤት በፊት እሳት ታነድ ነበር፤ እኔ ጠርሙስ አጥብ ነበር። አሁን እሷ ፓሪስ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ አዲስ አበባ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጠይቃት ስመጣ የት መሄድ እንደምፈልግ በስልክ ስትጠይቀኝ "ኮኛክ" አልኳት። መጠጡን የምጠይቃት መስሏት ነበር። አገር ቤት ቡና ዓይነት ቀለም ያለው ጠንካራ መጠጥ ሁሉ ኮኛክ ነው፤ እኔም የከተማ ስም መሆኑን ያወቅሁት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው። "ሰው ፓሪስ መጥቶ ኤፍል ታወርን ሳያይ አረቄ ፍለጋ ይሄዳል?" አለች። ትኬቱን ግን በዚያው ሳምንት ቆረጠች።

ሐሙስ፣ የካቲት 7። አንጉሌም፣ ከዚያም ኮኛክ

ከሞንፓርናስ ጣቢያ የተነሣው ፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ አንጉሌም አወረደን። አስቀድማ ስለገዛችው ለሁለታችን 76 ዩሮ ነው የከፈለችው። ወደ ኮኛክ የሚሄደው ትንሹ ባቡር እስኪነሣ አርባ ደቂቃ ነበረን፤ እኔም "እስከዚያ ከተማውን ልይ" አልኩ።

አንጉሌም የሥዕላዊ ታሪክ (የኮሚክስ) ከተማ ናት። በዓሉ ለብዙ ዓመታት ጥር ላይ ሲከበር የኖረው እዚህ ነው፤ ሙሉ የፎቅ ግድግዳዎች ገጸ ባሕርያት ተስለውባቸዋል፣ የመንገድ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች እንኳ ከሰው አፍ የሚወጣ የንግግር አረፋ ቅርጽ አላቸው። ከተማዋ ኮረብታ ላይ፣ ጣቢያው ከሥር ነው። ሽቅብ የወጣሁትን ቁልቁል ስሮጥ ባቡሩ ሄዶ ነበር። ቀጣዩን ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። እትዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተናገረችኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ድሮም ጠርሙስ እጠብ ሲሉህ ደጅ ላይ ነበር የምትገኘው።" ለካሳ ሳንድዊች ገዛሁላት፤ አንዱ 5 ዩሮ ከ50። ያኔ በባንክ 1 ዩሮ 61 ብር ገደማ ነበርና በአእምሮዬ አባዝቼ 335 ብር ስደርስ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከዚህ በኋላ ማባዛት እንዳቆም ተስማማን፤ እኔ ግን የሂሳብ ሰው ነኝ።

ከአንጉሌም እስከ ኮኛክ ያለው መንገድ የወይን ማሳ ብቻ ነው። በየካቲት ወይን ቅጠል የለውም፤ ተገርዞ፣ ጥቁር ጉማጁ በሽቦ ተደግፎ፣ መስመር ይዞ እስከ ዓይን ጥግ ቆሟል። ሰዎች ጎንበስ ብለው ቀንበጥ ሲያስሩ አየን።

ኮኛክ ስሙን ያህል ትልቅ አይደለም። ነዋሪው ሃያ ሺህ አይሞላም፤ ደብረ ብርሃን ትውጠዋለች። የድንጋይ ቤቶቹ ደስ ይላሉ፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ጥላሸት የተቀቡ ይመስላሉ፦ ጣሪያው ጥቁር፣ የግድግዳው ጫፍ ጥቁር፣ የዛፉ ግንድ ሳይቀር ጥቁር። እትዬ "እሳት ተነሥቶ ነበር እንዴ?" አለች። ማደሪያችንን የምታከራየው ሴትዮ ሳቀች። እሳት ሳይሆን ሻጋታ ነው። በየመጋዘኑ በበርሜል ከተቀመጠው መጠጥ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማው በእንጨቱ አልፎ ይተንናል፤ እነርሱ "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። ያን ትነት እየተመገበ በግድግዳ ላይ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ አለ። የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍልም ከከተማዋ የተወሰደ ነው፦ ባውዶይኒያ ኮምፕኒያሴንሲስ። አንድ ሰው መጠጡን በድብቅ ቢያከማች ጣሪያው ያሳብቅበታል ማለት ነው። የእማዬም ማድ ቤት ጣሪያ እንዲሁ ጥቁር ነው፤ የእሷ ግን የባሕር ዛፍ ጭስ ነው።

ማደሪያው ለአንድ ሌሊት፣ ሁለት አልጋ ከነቁርሱ፣ 72 ዩሮ።

ዓርብ፣ የካቲት 8። ቤተ መንግሥቱ

ቁርስ ላይ እትዬ ጾመኛ ነኝ ብላ ቅቤውንም እንቁላሉንም ስትመልስ ሴትዮዋ ምግቡ አልጣመን ብላ ተጨነቀች። ዳቦና ሻይ እንደሚበቃት ስታስረዳ እኔ ኮቴን ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ። ሴትዮዋ ወደ ኮቱ ዞር አለች፣ አፍንጫዋን ከፍ አደረገች፣ እትዬንም አንድ ነገር ጠየቀቻት። እህቴ በአፍረት ቀላች። "ኮትህ ምን ነካው እያለች ነው። መጠጥ ቤት ያደርክ መስሏታል።" የእማዬን ታሪክ ነገረቻት። ሴትዮዋ በደስታ እጆቿን አጋጨችና ስልኳን አነሣች። ወንድሟ ሰጎንዛክ በሚባለው መንደር ወይን አምራች ናቸው፤ በዚህ ሰሞን ቀንና ሌሊት አረቄ ያወጣሉ። ነገ እንድንመጣ ተፈቀደልን። ከሻንጣዬ ጉዳት የተገኘው ብቸኛ ትርፍ ይህ ነው፣ ግን ከጉዞው ሁሉ የበለጠው እሱ ሆነ።

ዓርብን በጉብኝት አሳለፍን። ከወንዙ ዳር ያለው ቤተ መንግሥት የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1494 የተወለደበት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ኦታር የተባለ ነጋዴ ገዛውና የኮኛክ መጋዘን አደረገው፤ ዛሬም በርሜል የሚቀመጥበት ነው። ምክንያቱ ግድግዳው ነው። ውፍረቱና የወንዙ እርጥበት ተባብረው ሙቀቱን ዓመቱን ሙሉ አይለዋውጡትም። አንደኛው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሰባቱ ዓመት ጦርነት የታሰሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ስማቸውንና መርከባቸውን ፍቀው ትተዋል። እኔ ከበርሜሉ ይልቅ እዚያ ቆየሁ።

አስጎብኚው ወጣት ስለ ስሙ አመጣጥ ጥሩ ነገር ነገረን። የሆላንድ ነጋዴዎች ወደዚህ ወንዝ የሚመጡት መጀመሪያ ለጨው ነበር፤ ከዚያ ወይን መጫን ጀመሩ። የዚህ አገር ወይን ግን ደካማና ኮምጣጣ ስለሆነ ባሕር ላይ ይበላሻል። ስለዚህ አፈሉት፣ "የተቃጠለ ወይን" አሉትም። ብራንዲ የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ማፍያው ደግሞ "አላምቢክ" ይባላል፤ ቃሉ ከዓረብኛ ነው። የኛም "አረቄ" ከዓረብኛ ነው፤ ላብ ማለት ነው። እትዬ ይህን ስትተረጉምልኝ የእማዬን ግንባር አሰብኩ።

ቅምሻ ላይ ሦስት ብርጭቆ ቀረበልኝ፤ የእትዬን ድርሻ አለመጠጣት ነውር መስሎኝ ስድስት ሆነ። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት ፊደላት ትርጉም አላቸው። ቪ ኤስ የሚባለው በበርሜል ቢያንስ 2 ዓመት፣ ቪ ኤስ ኦ ፒ 4 ዓመት፣ ኤክስ ኦ ደግሞ 10 ዓመት የቆየ ነው። ኤክስ ኦ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2018 ድረስ 6 ዓመት ይበቃው ነበር። ሌላው መስፈርት ቦታው ነው፤ ከዚህ ክልል ውጪ የተሠራ ብራንዲ ኮኛክ እንዳይባል ክልሉ በፈረንጆቹ 1909 በአዋጅ ተከልሏል። አዲስ አበባ የጠጣሁትን "ኮኛክ" ሁሉ አስታውሼ ዝም አልኩ። ቀለሙስ ሙሉ በሙሉ ከእንጨቱ ነው ወይ ብዬ ሳስጠይቅ ልጁ ትንሽ አመነታና ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራ ቀለም መጨመር እንደሚፈቀድ ነገረን። ስለ ሐቀኝነቱ ወደድኩት።

ከቤተ መንግሥቱ ስወጣ ሻራንት ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይሄዳል። ድልድዩ ትንሽ የተወዛወዘ መሰለኝ። እትዬ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9። ሰጎንዛክ

ታክሲው 14 ኪሎ ሜትሩን በ35 ዩሮ ወሰደን። ሰጎንዛክ ግራንድ ሻምፓኝ የሚባለው የተከበረው አካባቢ እምብርት ነው። የኮኛክ ምድር በስድስት ደረጃ ይከፈላል፤ ይህ የላይኛው ነው፤ ምስጢሩም አፈሩ ነው። መኪናው የረገጠው ጭቃ ነጭ ነበር፤ ኖራ ነው።

ሰውየው ሰባ ዓመት የዘለሉ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ እጃቸው እንደ ገበሬ እጅ የሻከረ ናቸው። ብዙ ሳያወሩ ወደ ማውጫው ቤት መሩን። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ ሽታውም ተከተለ። የተቀቀለ ፍሬ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ሁለታችንም የምናውቀው። እትዬ ደፉ ላይ ቆመች። "እማዬ ጓዳ" አለች በአማርኛ። ሰውየው ምን እንዳለች አልጠየቁም።

መሣሪያው የመዳብ ነው። በሸክላ ጡብ የታጠረ ምድጃ ላይ ትልቅ የመዳብ ድስት ተቀምጧል፤ 2,500 ሊትር ይጫንበታል። ከላዩ እንደ ቀይ ሽንኩርት ያበጠ ራስ አለው፤ ከራሱ የሚወጣው ቧንቧ እንደ ዝይ አንገት ተጎንብሶ ይሄድና ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እንፋሎቱ እዚያ ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል። እሳቱ ዛሬ የጋዝ ነው፤ በሳቸው አያት ጊዜ እንጨትና የድንጋይ ከሰል ነበር።

የእማዬ ዕቃ እንዲህ ነው፦ ምድጃ ላይ የተጣደ ጋን፣ በጋኑ አፍ የተሰካ መቃ፣ ስንጥቁን የሚደፍን ምርጊት፣ በመቃው ጫፍ ደግሞ ውኃ የሞላ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ማሰሮ። ጋን በድስት፣ መቃ በዝይ አንገት፣ ገንዳ በበርሜል ተተካ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ለሰውየው በወረቀት ሣልኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና በምርጊቱ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "በምንድን ነው የምትደፍነው?" አሉ። ያ የባለሙያ ጥያቄ ነበር።

ከዚያ የሥራውን ሂደት አስረዱን። ኡኚ ብላን ከሚባለው ወይን የሚጠመቀው ኮምጣጣ ጠጅ አልኮሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ሲወጣ 30 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ደፍረስ ያለ ነው። ያንኑ መልሰው ይጭኑትና ሁለተኛ ያወጡታል። እንደ እውነቱ ኮኛክ ለመባል ሁለት ጊዜ መውጣቱ ግዴታ ነው። እኔ "ዳግም!" ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ተረጎመች። ሰውየው "ዳጊም፣ ዳጊም" እያሉ ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

ሁለተኛው ዙር ብቻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እሳቱም አይተውም። ጥጉ ላይ ከብርድ ልብስ ጋር የተነጠፈ ጠባብ አልጋ አለ፤ አጠገቡ የሚደወል ሰዓት። ሌሊቱን እየተነሡ እሳቱንና ጠብታውን ያያሉ። ሥራው በሕግ በመጋቢት 22፣ በነሱ ማርች 31፣ ማለቅ አለበት፤ ሙቀት ሲመጣ ወይኑ ይለወጣልና። እማዬም እሳቱ ዳር መደብ ላይ ነበር የምትተኛው። ሰዓት አልነበራትም፤ የጠብታው ድምፅ ሲለወጥ ትነቃለች።

በቅርብ ያየሁት ዋናው ነገር ይህ ነው። ከቧንቧው የሚወርደው ክር የመሰለ ፈሳሽ በትንሽ የመዳብ ዋንጫ ያልፋል፤ በዋንጫው ላይ ጥንካሬ የሚለካ የመስተዋት ዘንግ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሚወርደው "ራስ" ይባላል፤ ሃያ አምስት ሊትር ያህሉን ለይተው ያስቀምጡታል። መዳፌ ላይ ጠብ አደረጉልኝና አሻሽተህ አሽት አሉኝ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል፣ ዓይን ይወጋል። ቀጥሎ "ልብ" ይመጣል፦ ጥርት ያለ፣ የበሰለ በለስና የአበባ ሽታ ያለው። ኮኛክ የሚሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ሲጠራቀም 70 በመቶ ገደማ ነው። ዘንጉ ወደ 60 ሲወርድ ይቆርጡታል። የቀረው "ሁለተኛ" እና "ጭራ" ነው። ሁለቱም ከራሱ ጋር ተመልሰው ወደ ቀጣዩ ጭነት ይገባሉ። ዘጠኝ ሊትር ያህል ወይን አንድ ሊትር ይወጣዋል። ሲቆርጡ ዘንጉን አያምኑም፤ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ እጃቸው ቧንቧውን ያዞራል።

የእማዬን አረቄ ያወጣሁት ያኔ ነው። የሃይላንዱን ጠርሙስ አይተው አልሳቁም። እንደ ጽጌረዳ እንቡጥ በተሠራች ብርጭቆ ቀድተው መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ አሸተቱ። ጥቂት ቀመሱ። ዝም አሉ። ጭስ እንዳለው አወቁ፤ አንድ መራራ ቅጠልም እንዳለ አወቁ፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቁም። ስለ ጌሾ ነገርናቸው፤ ስለ ገብሱ ብቅልም። ከዚያ ለእትዬ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ሲናገሩ በጣታቸው ራሳቸውን ነካ አደረጉ።

"ምን አሉ?"

"ጥሩ ነው አሉ።"

"እትዬ፣ ራሳቸውን ሲነኩ አይቻለሁ።"

"ራሱ አለበት አሉ" አለች በቁጣ። "አልቆረጠችውም፣ ልቡን ከራሱ ጋር ቀላቅላዋለች አሉ። እሳቸው ደግሞ እማዬን ሊያርሙ!" ሰውየው ቁጣውን ሳይተረጎምላቸው ገባቸውና ብርጭቋቸውን ድጋሚ ሞልተው እስከ ታች ጠጡት። እትዬ ትንሽ በረደች።

መጋዘናቸው መሬቱ አፈር ነው፣ ይበርዳል። በርሜሎቹ ከሊሙዛን ደን ኦክ የተሠሩ ናቸው። በያንዳንዱ ላይ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በጠመኔ ተጽፏል። ከሚያወጡት አብዛኛውን ገና ወጣት ሳለ ለትልልቆቹ ቤቶች ይሸጣሉ፤ ከየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት በርሜል ለራሳቸው ያስቀራሉ። "1998" ከተጻፈበት በረጅም የመስተዋት ቱቦ ቀድተው ሰጡን። ሃያ አምስት ዓመት! ምላስ ላይ አያቃጥልም፤ ይሞቃል እንጂ። የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ከዋጥኩትም በኋላ እንደ ቡና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። እትዬ ቅዳሜ ነውና ጠጣች፣ ሁለቴ።

ወጥ ቤት ስንገባ ግን ባለቤታቸው በረዶ የሞላ ረጅም ብርጭቆ አቀረቡልን፦ ኮኛክ በቶኒክ ውኃ! ይህን ሁሉ ደክመው ለስላሳ ይቀላቅሉበታል? ከምግብ በፊት እዚህ እንዲህ ነው የሚጠጣው፤ በእርግጥ ወጣቱ ኮኛክ እንጂ አሮጌው አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው። ከሚመረተው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ውጭ አገር እንደሚሄድ፣ ፈረንሳዮች ራሳቸው ውስኪ እንደሚያዘወትሩ ሰውየው እየሳቁ ነገሩን።

ራት የባሕር ሽሪምፕ ነበር። ወይዘሮዋ ሰፊ መጥበሻ ላይ ቅቤ አቀለጡ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣሉበት፣ ሽሪምፑን ከነልጣጩ ጨመሩ። ቀይ ሲሆን አሁን ያንተ ተራ ነው አሉኝ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጭስ የሚስበውን ማራገቢያ ታጠፋለህ፣ ኮኛኩን በትንሽ ድስት ለብ ታደርጋለህ፣ መጥበሻውን ከእሳት ታነሣለህ፣ ታፈስሳለህ፣ ራቅ ብለህ በረጅም ክብሪት ትለኩሳለህ። እኔ ለብ ያለውን ትቼ ከጠርሙሱ በቀጥታ ለማፍሰስ እጄን ስዘረጋ እትዬ ከወንበሯ ዘላ ጠርሙሱን ነጠቀችኝ። "እሳት ላይ ከጠርሙስ! እማዬ ብታይህ!" አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ቤት እንዲህ ሲደረግ ነበልባሉ ሽቅብ ወደ ጠርሙሱ ወጥቶ ልብስ ይዟል። እሷ ራሷ በደንቡ አፈሰሰችና ለኮሰችው። ሰማያዊው ነበልባል ተነሣ፣ እየተወዛወዘ ቆየ፣ ጠፋ። እኔ ለማየት ጎንበስ ብዬ ስለነበር የግራ ቅንድቤ ጫፍ ተለበለበ። ነበልባሉ አልኮሉን ሁሉ አያጠፋውም፤ ሲበላ ግን ጣፋጭ ቅመም የመሰለ ነገር ከቅቤው ጋር ተዋህዶ ነው። ሽሪምፑን ጨርሰን መረቁን በዳቦ ጠረግን።

እትዬ እማዬ ዶሮ ወጥ ላይ በመጨረሻ አንድ ሲኒ ጉደር ወይን ጠብ እንደምታደርግ ስታወራ ወይዘሮዋ "አዎ፣ ቅባቱን ይቆርጠዋል" አሉ። በዚህ ጊዜ ራስ ስለመቁረጥ የተነሣው ቂም ፈጽሞ ተረሳ።

እሑድ፣ የካቲት 10። ዣርናክ

እሑድ አውቶቡስ የለም። ሴትዮዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በመኪናዋ ዣርናክ አደረሰችን። ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን የተወለዱባትም የተቀበሩባትም ከተማ ናት። መቃብሩ የቤተሰቡ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አገር ለመራ ሰው ትንሽ መሰለኝ። በጸጥታ አልፈን ሄድን።

ምሳ ቤት ፍለጋ አንድ ሰዓት ዞርን፤ ክፍት የነበረው አንድ ብቻ ነው። ከምግብ በፊት "ፒኖ" አቀረቡልን፦ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ከኮኛክ አረቄ ጋር ተቀላቅሎ በበርሜል የሚቆይ ነው። አፈ ታሪኩ በፈረንጆቹ 1589 አንድ ገበሬ ባዶ መስሎት አረቄ ያለበት በርሜል ውስጥ ጭማቂ ገለበጠ ይላል። ጣፋጭ ነው፣ አታላይም ነው፤ ብርዝ እየመሰለ 17 በመቶ ይደርሳል። ዝርዝሩ ላይ "ካጉይ" የሚል አየሁና አዘዝኩ። ቀንድ አውጣ ሆኖ መጣ። እትዬ ወንበሯን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረች። እሷ የበላችው በደቀቀ ቁንዶ በርበሬ የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ መጥበሻው በኮኛክ ታጥቦ በክሬም የተዘጋጀ ወጥ ፈሶበታል። ግማሹን ወስጄባታለሁ፤ 24 ዩሮ ነው፣ ማባዛት ትቻለሁ። ቀንድ አውጣውም አይከፋም፤ ነጭ ሽንኩርቱ ነው የሚበላው።

ሰኞ፣ የካቲት 11። መመለሻ

ጠዋት ሰውየው በእህታቸው በኩል አንድ ጠርሙስ ላኩልኝ፦ የራሳቸው ምርት፣ ከ1998ቱ በርሜል። ዋጋውን ስጠይቅ 110 ዩሮ አሉ፣ ለእኔ ግን 60። ከፈልኩ። በዚህኛው ክዳን ላይ ሰም አለበት። ለማንኛውም በአራት ፌስታል ጠቀለልኩት። አንጉሌም ላይ ከጣቢያው አልወጣሁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30። ደብረ ብርሃን

ለቅበላ ቤት ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ ስገባ እማዬ ዶሮ ወጥ ጥዳለች፤ ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲቁላላ ነበር። ቅንድቤን አየችና ምን እንደነካኝ ጠየቀች። ነገርኳት። ጠርሙሱን ከፍቼ አንድ መለኪያ ቀዳሁላት።

አልጠጣችውም። ጣቷን ነክራ ወደ ምድጃው አረገፈችው፤ አረቄ የምትፈትነው እንዲህ ነው። ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ታየና ጠፋ። ከጓዳ የራሷን ዳግም አምጥታ አረገፈች፤ ቦግ አለ። "ሰንፏል" አለች። ለጠርሙስ ሲዘጋጅ በውኃ ወደ 40 እንደሚወርድ ብነግራትም ፍርዱ አልተሻረም። ከዚያ ቀመሰችው። ምላሷን አንዴ አጣጣመችና "ቆዳ ቆዳ ይላል። ግን አይቧጥጥም" አለች። ከመለኪያው የተረፈውን ወጡ ላይ ገለበጠችው።

ስለ ራሱ፣ ስለ ልቡና ስለ ጭራው ነገርኳት። ሰውየው ያሉትንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ወጡን እያማሰለች ሰማችኝ።

"ራሱ እንዳለበት እኔስ አላውቅም? እሱን ከደፋሁት የእናንተን ደብተር በምን ልገዛው ነበር?" አለች። ጨው ቀምሳ ጨመረች። "ይሄ ስንት ዓመት አስቀመጠው አልከኝ?"

"ሃያ አምስት።"

ማማሰያዋን አቆመች።

"እስከዚያ ምን ሲበላ ነበር?"